ሁለት ብቻ የምታስተኛው ካምፐር

አትላንታ ውስጥ ብቻውን ሄዶ መኪና የገዛ ሐበሻ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ያሳየኝ። እኔ አላየሁም። የኛ ሰው ብቻውን የዜግነት ፈተና ይፈተናል፣ ብቻውን ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል፤ መኪና ሊገዛ ሲነሳ ግን ጉባኤ ይጠራል። ጉባኤው ውስጥ ዋጋ የሚከራከር ይኖራል፣ ጎማ በእግሩ መታ መታ የሚያደርግ ይኖራል፣ ዝም ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ ይኖራል። ደግሞ «እኔ ብሆን አልገዛውም» የሚል አንድ ሰው የግድ ነው። እሱ ከሌለ መኪናው ነገ ሲበላሽ «ብዬ ነበር» የሚለን ማን ሊሆን ነው?

እኔ በዚህ ጉባኤ ያለኝ ማዕረግ «አዋቂ» ነው። እንዴት እንደተሾምኩ ልንገራችሁ። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ከኤርፖርት መሀል ከተማ፣ ከመሀል ከተማ ኤርፖርት። የመጀመሪያዋ ታክሲዬ ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ትወድ ነበርና ዕድሜዬን ከመካኒኩ አጠገብ እጄን አጣምሬ ቆሜ ጨረስኩት። ሰዉም ቆሜ ሲያየኝ፣ ቆሜ ሲያየኝ፣ «እሱ እኮ ሞተር ያውቃል» አለ። ማን ነኝና የሕዝብን ቃል አጥፋለሁ? ቦኔቱን ከፍቼ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። ምን እንደምሰማ አትጠይቁኝ። ከዚያ «እም» እላለሁ። ይቺ «እም» ስንቱን አስገዝታለች፣ ስንቱን አስመልሳለች።

ስለዚህ ወንድም ደረጀ ደውሎ «መኪና ልንገዛ ነውና ቅዳሜ ሥራ እንዳትወጣ» ሲለኝ አልገረመኝም። የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

«ምን ዓይነት መኪና?» አልኩት።

«ካምፐር።»

«ይሄ አልጋ ያለው?»

«አልጋም አለው፣ ምድጃም አለው፣ ፍሪጅም አለው። ይቅርታ አድርግልኝና ሽንት ቤትም አለው።»

እኛ አገር መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ጎማ የፈነዳበት የጭነት ሾፌር ነው፤ እሱም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ዕጣ ፈንታውን ሲረግም ነው የሚያነጋው። ደህና ቤት እያለው፣ የቤቱንም ሞርጌጅ በየወሩ እየከፈለ፣ «ልሂድና ጫካ መሀል መኪና ውስጥ ልተኛ» የሚል ሐበሻ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። «አስኒ ደህና ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። ለካ ጥያቄዬ ከነገሩ ጋር ገጥሟል።

አስኒ ማለት አስናቀች፣ የደረጀ ሚስት ናት። ቤታቸው ኢስት ፖይንት ነው። ደረጀ ኤርፖርት ይሠራል፤ መንገደኛ ወደ መኪና ኪራይ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ይነዳል። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ ነው፤ ለዚህ ሥራ እግዜር ራሱ የሠራው ሰው ነው ብል አላጋነንኩም፣ «አይ» የምትባለውን ቃል አገር ቤት ረስቷት የመጣ ሰው ነውና። አስኒ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። በእኛ መሀል ነርስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም ነበር፤ ለማታውቁ ግን ልቀጥል።

እሑድ አምልኮ ሲያልቅ አስኒ ከበሩ እስከ መኪናዋ ለመድረስ የስብከቱን ያህል ጊዜ ይፈጅባታል። «አስኒዬ፣ አንዴ ብቻ» ይላታል አንዱ፤ ምላሱን ያወጣል። ሌላዋ ከቦርሳዋ የመድኃኒት ብልቃጥ መዛ «ይሄ ከዚያኛው ጋር ይጣላል ወይ?» ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤቷ ድረስ ይመጣል። ሰው እጅጌውን ጠቅልሎ ሶፋ ላይ ይደረደራል፤ የደም ግፊቱን ያስለካል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ የአክስቱን የላቦራቶሪ ውጤት ከአዲስ አበባ በስልክ አስነብቦ ያሰማታል። እኔስ? እኔም እጅጌ አለኝ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ እውነት ነው። መድኃኒቱ ራሱ ሲደክመው ማን ዘንድ እንደሚሄድ ግን የነገረን የለም።

ደረጀ ነገሩን የነገረኝ መኪና ውስጥ ነው፣ ወደ ሻጩ ስንሄድ። ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ አስኒ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች አለኝ። «ምን ሆንሽ?» ቢላት፣ «ምንም። ማንም የማያንኳኳው በር ብቻ አማረኝ» አለችው። «ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ደሬ። ከዚያ እመለሳለሁ።» ይወዳታል፤ ያውም ሰው ፊት ለመናገር የማያፍርበት ዓይነት ፍቅር ነው። እና እሷን ለማሳረፍ ሲል ካምፐር ቢሉት ካምፐር፣ መርከብ ቢሉት መርከብ ሊገዛ ተነስቷል።

የካምፐሩ ሐሳብ የልጃቸው የሊዲያ ነው። ሊዲያ እዚሁ ያደገች ጠበቃ ናት። «ማሚ ብሬክ ያስፈልጋታል፣ ላይክ፣ ሪል ብሬክ» ብላ እናቷ እንድታርፍ ወሰነች። «ሆቴል ለምን አትገባም?» ሲሏት ሳቀች። «ፓፒ ለሰው ሁሉ የክፍሉን ቁጥር ይሰጣላ!»

በመንገዳችን ፒችትሪ ኮርነርስ ጎራ ብለን ጋሽ በላይን ከልጃቸው ቤት ወሰድናቸው። ጋሽ በላይ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ስለ ካምፐር አንዳች ነገር አያውቁም፤ ግን ሳንነግራቸው ገዝተን ብንገኝ እስከ ፋሲካ ያኮርፉን ነበር። የ«እኔ ብሆን አልገዛውም» ወንበር ለብዙ ዘመን ያለተቀናቃኝ የያዙትም እሳቸው ናቸው።

ሻጩ ሚስተር ራንዲ የሚባል፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የደቡብ ሽማግሌ ነው። ሊዲያ በራሷ መኪና ቀድማን ደርሳለች። አስኒ ደግሞ ከሆስፒታል በቀጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታለች። ራንዲ ጉባኤውን አንድ ባንድ ጨበጠና፣ «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፤ በዚህ ሥራ ያልሰማሁት ጥያቄ የለም» አለ። ምስኪን! ጋሽ በላይ ይህን እንደ ውርርድ ነው የቆጠሩት።

መጀመሪያ ማንም የሚጠይቀውን ጠየቅን። ማይሌጁ ስንት ነው? ጣሪያው ያፈሳል ወይ? ልዩ መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል? ፍሪጁ በጋዝ ነው በኤሌክትሪክ? ኢንሹራንሱስ? የት ፓርክ ይደረጋል? ራንዲ ሁሉንም እንደ ውዳሴ በቃሉ ወጣው። ቀጥሎ የራሳችን ጥያቄዎች መጡ። ደረጀ ፍሪጁን ከፍቶ፣ እንጀራ ሳይታጠፍ ዘርጋ ብሎ ይተኛ እንደሆነ በስንዝር ለካ። ሳይታጠፍ አይተኛም። ጋሽ በላይ ደግሞ በከዘራቸው ወደ ውስጥ እያመለከቱ፣ «ሽንት ቤቱ ከምድጃው ስንት ክንድ ይርቃል በይው» አሉ። ሊዲያ ተረጎመች። ራንዲ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይሄን አልሰማሁም» አለ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያ… የሚወጣው ነገር የት ይሄዳል?»

ራንዲ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ያለውን ታንከር አሳያቸው። ጋሽ በላይ ታንከሩን አዩ፣ ደረጀን አዩ፣ እንደገና ታንከሩን አዩ።

«ይዛችሁት ነው የምትዞሩት?»

«እስክንደፋው ድረስ፣ አዎ» አላቸው ደረጀ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ ብሆን አልገዛውም!» አሉ። ሁላችንም ቀለል አለን፤ ጉባኤው ሞላ።

ከዚያ ራንዲ በተራው አንድ ጥያቄ ጠየቀን። ከጥያቄዎች ሁሉ የቀለለው ነበር፦ ለስንት ሰው ነው?

«ሁለት» አለች ሊዲያ። «ሁለት» አለች አስኒ። «ሁለት ነን፤ ግን…» አለ ደረጀ።

አያችሁት ይህን «ግን»? እኛን ያኖረን እሱ ነው፤ የሚገድለንም እሱ ነው። ፈረንጅ ድስት የሚገዛው ቤቱ ያለውን ሰው ቆጥሮ ነው። እኛ የምንገዛው ሊመጣ የሚችለውን አስበን ነው። ባልና ሚስት ብቻ የሚኖሩበት ቤት ገብታችሁ ድስቱን ብታዩት ሠርግ ያለ ይመስላችኋል። ራንዲ ግቢ ውስጥ ሁለት ካምፐር ነበር። አንዷ ነጭ፣ አጭር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምታስተኛ። ሌላው ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር ያለው ረጅም፣ ስድስት ሰው የሚያስተኛ። ረጅሙ አሮጌ ስለሆነ ዋጋው እንዲያውም ረከስ ይላል። ደረጀ ረጅሙን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ምናልባት ሰው ቢመጣ…» አለ።

«ማን ነው የሚመጣው?» አለ ራንዲ፣ ከልቡ ሊረዳን ፈልጎ።

እርስ በርስ ተያየን። ማን እንደሚመጣማ በምን ይታወቃል!

«ፓፒ፣ ዘ ሆል ፖይንት ሰው እንዳይመጣ ነው!» አለች ሊዲያ።

«ሰው እንዳይመጣ ተብሎ አልጋ ይገዛል እንዴ ልጄ?» አሉ ጋሽ በላይ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

«ጋሽ በላይ፣ አንተ ደግሞ! ማንም አይሞትም፣ ቬኬሽን ነው!» ሊዲያ ሽማግሌን «አንተ» ትላለች፤ ስታቆላምጥ ነው የሚመስለውና ማንም ተቆጥቷት አያውቅም።

ወደ እኔ ዞሩ። አዋቂው ይፍረድ ተባለ። የነጯን ሞተር አዳመጥኩ፣ የረጅሙንም አዳመጥኩ። እውነቱን ንገረን ካላችሁ ሁለቱም «ድር ድር» ነው የሚሉት። «እም» አልኩ። ከፊሎቹ ለነጯ፣ ከፊሎቹ ለረጅሙ መሰላቸውና ክርክሩ ከቀድሞው ባሰ። ደረጀ ተጨንቋል። ሚስቱ የፈለገችውን ያውቃል፤ ግን አንድ ዘመድ ድንገት መጥቶ «አልጋ የለንም» ብሎ ሲመልሰው ይታየዋል፣ ገና ላልመጣው ዘመድ ከወዲሁ ያፍራል።

በመሀሉ «አስኒ የት ሄደች?» አለ።

ፈለግናት። የነጯ በር ተዘግቷል። በመስኮት አየን። አስኒ አልጋው ላይ ተጋድማለች፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አፏ ገርበብ ብሎ እንቅልፍ ወስዷታል። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕመም ስታገላብጥ ያደረች ሴት ናት። እኛ ስለ አልጋ ስንከራከር እሷ ተኛችበት።

ጋሽ በላይ «ሰውዬውን አናስጠብቀው፣ እንቀስቅሳት» ብለው በሩን ሊያንኳኩ ከዘራቸውን አነሱ። ደረጀ እጃቸውን ያዘ። እናንተዬ፣ ደረጀ! የሽማግሌ እጅ!

«ጋሽ በላይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው በሹክሹክታ። «ትተኛ።» ከዚያ ወደ ራንዲ ዞሮ፣ «ይቺኛዋን» አለው።

ወረቀቱን በረጅሙ ካምፐር ቦኔት ላይ አስደግፈን ፈረምን። ሁሉም ነገር በሹክሹክታ ሆነ። በአትላንታ ሐበሻ ታሪክ ዋጋ ሳይከራከሩ የተገዛ መኪና ቢኖር ያ ነው፤ ለመከራከር ድምፅ ያስፈልጋላ። ራንዲ ሲሰናበተን ጋሽ በላይን ለየት አድርጎ አቀፋቸው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ደረጀ ደረጀ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመኑ ፊት ቆመና «ሐሙስ ለዕረፍት ስለምንሄድ በጸሎት አስቡን» አለ። እሱም ባልከፋ፤ የምንሄድበት እዚህ ነው ብሎ ሰሜን ጆርጂያ ተራራው ሥር ያለውን ፓርክ ከነሐይቁ ስም ጠራ። ሊዲያ ከኋላ ወንበር ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሐይቁ ዳር ሦስት ሚኒቫንና አንድ ታክሲ ተደርድረው ደረሱ። ታክሲው የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በክፋት እኮ አይደለም! «ውይ፣ ብቻቸውን ናቸው» ብለን ነው የተነሳነው። ዶሮው ከነድስቱ፣ ድፎው ከነሙቀቱ፣ ልጆቹ ከነኳሳቸው መጡ። እጅጌዎችም መጡ። አስኒ ዛፍ ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግፊታችንን ለካችን። ጋሽ በላይ ታንከሩን መረመሩና መደፋቱን አረጋገጡ። አስኒ ሁላችንንም ስማ፣ አመስግና፣ አብልታ ሸኘችን። መኪኖቻችን ሲደረደሩ ግን ፊቷን አይቻለሁ፤ ልትስቅ ሞክራ መሀል ላይ የቀረባትን ሳቅ። ሁለት ብቻ የሚያስተኛ መኪና የሌሊት እንግዳ ይከለክል ይሆናል፣ የቀኑን ግን ምን ያደርገዋል? ስትሄድ ከነበረው ይልቅ ደክሟት ተመለሰች።

በቀጣዩ ቅዳሜ አስኒ ከሥራ ስትገባ የቤቱን በር አልከፈተችም። ከቤቱ ፊት መኪና በሚቆምበት ድራይቭዌይ ላይ፣ ዛፉ ሥር ወደቆመችው ካምፐር ሄደች፣ ጫማዋን መርገጫው ላይ አውልቃ ገባች፣ መጋረጃውን ሳበች። ደረጀ ይህን ከሳሎን ሆኖ በመስኮት አየ። ትንሽ ቆይቶ የጋሽ በላይ ልጅ አባቱን አድርሶ ሄደ። እጃቸው ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ አለ።

«አስኒ አለች?» አሉ ከበሩ።

አሁን የደረጀን ጭንቅ አስቡት። ውሸት አይናገርም፤ አማኝ ነው። «አይ» አይልም፤ ቃሉ የለውም። በኋላ እንደነገረኝ በዚያች ቅጽበት ስንት ጥቅስ በጭንቅላቱ ሮጠ መሰላችሁ።

«ለዕረፍት ሄዳለች» አለ በመጨረሻ።

ጋሽ በላይ ዘወር ብለው ካምፐሯን አዩ። ሞተሯ ቀዝቅዟል፣ መጋረጃዋ ተስቧል፣ የአስኒ ጫማ መርገጫው ላይ ነው። ስንት ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ተማሪ የት የት እንደሚደበቅ ያውቃሉ። ደረጀ ላብ አጠመቀው።

«መንገዱ ሰላም ነው?» አሉ።

«ሰላም ነው፣ ጋሽ በላይ።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«ማታ።»

ጋሽ በላይ ብልቃጡን ኪሳቸው ከተቱ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወደ ካምፐሯ አቅጣጫ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንኳን ሄደች! የድካሟ ዋጋ ነው፣ ይገባታል!» አሉ። ከዚያ ጠጠሩ እንዳይንኮሻኮሽ በሣሩ ላይ ዞረው በጓሮ በር ጓዳ ገቡና፣ ልጃቸው መጥቶ እስኪወስዳቸው ከደረጀ ጋር በዝግታ ሲያወጉ ዋሉ።

ወሬው እንዴት እንደተዛመተ አላውቅም። ማንም አላወጀውም፤ ግን ደንብ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ አስኒ «ሄዳለች»። ሰው አሁንም ይመጣል፣ መምጣት አልቀረም። ሻይ ይጠጣል፣ ከደረጀ ጋር ይጫወታል፣ «ዛሬስ ወደ ባሕሩ ነው ወደ ተራራው የሄደችው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በካምፐሯ አጠገብ ሲያልፍ ልጆቹን «ሽ!» ይላል። ሊዲያ ብቻ ናት የተናደደችው። «ድራይቭዌይ ላይ ለማስቀመጥ ነው የገዛችሁት? ሲሪየስሊ?» አለች። አንድ ቅዳሜ እናቷን ልትወቅስ ካምፐሯ ውስጥ ገባች። እሷም እስከ ማታ አልወጣችም። በነጋታው ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ተኝታለች።

እና ይኸው፣ አሁን ካምፐር ልንገዛ ነው የሚሉ ሰዎች አዋቂውን ሊያማክሩ ሲመጡ ስንት ማይል ይሄዳል፣ በጋሎን ስንት ያስኬዳል ይሉኛል። «እም» እላለሁ። እኔ የማውቃት ካምፐር ከቆመችበት ንቅንቅ ሳትል ሰው አርቃ የምትወስድ ናት።

በቀደም ታዲያ መድኃኒት ቤት ገብቼ እዚያ ያለው የግፊት መለኪያ ማሽን ውስጥ ክንዴን አስገባሁ። ያወጣው ቁጥር አስደነገጠኝ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። እግሬ ኢስት ፖይንት ወሰደኝ። ደረጀ በሩን ከፍቶ ገና ሳልጠይቀው «ሄዳለች» አለኝ፤ እያሳዘንኩት እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታያል። «አውቃለሁ፣ አንተን ብዬ ነው» አልኩት። ሻይ ጠጣሁ፣ ስለ ታክሲው አወራሁ፣ ስለ ቁጥሩ አልተነፈስኩም። ስወጣ በካምፐሯ በኩል ነው መንገዴ። እጄ፣ ይሄ የለመደበት እጄ፣ በራሱ ጊዜ ወደ በሩ ተነሳ። ያኔ ራንዲ ግቢ ጫማዋን እንዳደረገች የተኛችው ትዝ አለችኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩና መንገዴን ቀጠልኩ።

«ስንት አለህ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ዞርኩ። ማንም የለም። መጋረጃው አልተነቃነቀም። ቁጥሩን ለመጋረጃው ነገርኩት።

«ጨው ቀንስ። ሰኞ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ፤ ካዞረህ ወይ ደረትህን ካመመህ ደግሞ ሰኞን አትጠብቅ።»

«እሺ፣ አስኒዬ።»

«አስኒ የለችም» አለኝ መጋረጃው።